ስለ ሞተር ቢስክሌት ሰንሰለትና ስለ ጥርሱ
አመራረጡና አያያዙ

ስለ ሞተር ቢስክሌት ጨዋታ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ቤንዚን አጠጣጡና ስለ ቀለሙ ማማር ነው እንጂ ስለ ሰንሰለቱ የሚናገር እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ ወደ ኋላው ጎማ የሚተላለፈው በቅባትና በአቧራ ተሸፍኖ በሚዞረው በዚያ ሰንሰለት አማካይነት ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዕለት ባለቤቱ እየገፋ ከመሄድ በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህም በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ተረስቶ የሚኖር ዕቃ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚያዝ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሰንሰለትን ጥንካሬ ለመፈተን ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ቦታ ይመስላል። ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በ18 ማዞሪያ በኩል ወደ ዊንጌት የሚያልፈው የቀለበት መንገድ አስፋልት ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ይከተላል፤ ቀጥሎም የአፈር መንገድ ይመጣል። በዓለም ባንክ፣ በቤተልና በካራ ቆሬ አካባቢ አንድ ሞተረኛ በአንዲት ቀን ሦስቱንም ዓይነት መንገድ ይረግጣል። በበጋ ደቃቅ አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃና ጎርፍ አለ። አቀበቱና ቁልቁለቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሠፈሩ ለመርካቶ ጎረቤት ስለ ሆነ ሞተሩ ሰው ብቻ ሳይሆን ጆንያና ካርቶን ተጭኖ እንዲወጣ ይገደዳል።

ነገሩን ከኑሮ ጋር ስናያይዘው ክብደቱ ይጨምራል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ወር የሞተር ቢስክሌትን እንቅስቃሴ እንደሚገድብ ካስታወቀ ወዲህ፣ በከተማው ውስጥ በሞተር እንጀራን ማብሰል ፈቃድን የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል። ፈቃዱን አግኝቶ ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር ሰው ሞተሩ አንድ ቀን ከቆመበት የዚያን ቀን ገቢ አጣ ማለት ነው። ሰንሰለቱ በአቀበት መካከል፣ ከኋላው ሲኖትራክ እየተከተለው ቢበጠስ ግን የሚያጣው የቀን ገቢ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ስለ ዕቃው ጠባይ እንናገር። የጥንቶቹ ሞተር ቢስክሌቶች የኋላ ጎማቸውን የሚያዞሩት በቆዳ ቺንጋ ነበር። ቺንጋው ዝናብ ሲነካው ይንሸራተት፣ በአቀበት ላይም ይከዳ ስለ ነበረ ቀስ በቀስ ቦታውን ለሰንሰለት ለቀቀ። ዛሬ የምናየውን ባለ ተንከባላይ ሰንሰለት ሠርቶ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ይኖር የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሐንስ ሬኖልድ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1880 ነበር። ከዚያ ወዲህ ብረቱና ቅባቱ ተሻሻለ እንጂ የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የሰንሰለት አንጓ በግራና በቀኝ ሁለት ዝርግ ብረቶች አሉት። ብረቶቹን የሚያያይዛቸው ፒን በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ በቱቦው ላይ ደግሞ እየተንከባለለ በጥርሱ ላይ የሚያርፍ ቀለበት ተሰክቷል። ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች ሁለት ሲሆኑ በገበያ ስማቸው ስፕሮኬት ይባላሉ። ትንሹ በሞተሩ ጎን ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ላይ፣ ትልቁ ደግሞ በኋላው ጎማ ላይ ይታሠራል። ሰንሰለቱንም አንዳንዶች ከጣሊያንኛ በተወረሰው ቃል ካቴና ይሉታል።

ሰንሰለት «ተለጠጠ» ሲባል እንሰማለን። በእርግጥ ግን እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ብረት የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፒኑና ቱቦው እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ጥቂት በጥቂት ይበላሉ፤ የእያንዳንዱ አንጓ ክፍተት ትንሽ ይሰፋል፤ የሁሉም ሲደመር ሰንሰለቱ ይረዝማል። ለምሳሌ በትናንሽ ሞተሮች ላይ የተለመደው ሰንሰለት ከአንዱ ፒን እስከ ሚቀጥለው ፒን 12.7 ሚሊሜትር ነው። ሰንሰለቱ በመቶ ሁለት ረዘመ ለማለት እያንዳንዱ አንጓ ሩብ ሚሊሜትር ብቻ ቢበላ ይበቃል። 118 አንጓ ባለው ሰንሰለት ላይ ይህ ሩብ ሚሊሜትር ሲደመር ወደ 30 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይኸውም ከሁለት አንጓ የሚበልጥ ርዝመት ማለት ነው።

ይህ ሩብ ሚሊሜትር ቶሎ የሚመጣበትንም ምክንያት በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.8 ሜትር ይሄዳል እንበል፤ የኋላው ስፕሮኬትም 42 ጥርስ ይኑረው። ሞተሩ አንድ ኪሎሜትር ሲሄድ ጎማው 555 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ 118 አንጓ ያለው ሰንሰለትም ወደ 200 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። በቀን 80 ኪሎሜትር የሚሠራ ሞተረኛ እንግዲህ ሰንሰለቱን በቀን 16,000 ጊዜ ያህል ያዞረዋል። በዚህ ሁሉ ዙር እያንዳንዱ አንጓ በሁለቱ ስፕሮኬቶች ላይ ሲታጠፍና ሲዘረጋ፣ በፒኑና በቱቦው መካከል የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ምን እንደምትሠራ አንባቢ ራሱ ይገምት።

አሁን ወደ አመራረጡ እንለፍ። በሰንሰለቱ የጎን ብረት ላይ የታተመ ቁጥር አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያነበውም። ቁጥሩ 420፣ 428፣ 520 ወይም 530 ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው አኃዝ ከፒን እስከ ፒን ያለውን ርቀት በስምንት የተከፈለ ኢንች ይነግረናል። 4 ሲሆን 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 5 ሲሆን ወደ 15.9 ሚሊሜትር ይጠጋል። የቀሩት ሁለት አኃዞች የውስጡን ስፋት ያመለክታሉ፤ የ420 ስፋት 6.35 ሚሊሜትር ሲሆን የ428 ግን 7.94 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ 420 እና 428 ርቀታቸው አንድ ቢሆንም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ካላቸው ሞተሮች ብዙዎቹ 428 ይጠቀማሉ፤ ከዚያ ከፍ ያሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ 520 ናቸው። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤች» የሚል ፊደል ቢኖር የጎን ብረቶቹ ወፈር ያሉ ናቸው ማለት ነው፤ ዕቃ ለሚጭን ሞተር የሚመረጠውም ይኸኛው ነው። በእሽጉ ላይ የሚጻፈው ሌላው ቁጥር የአንጓውን ብዛት ይገልጻል።

ሁለተኛው ምርጫ በተራው ሰንሰለትና በታሸገው ሰንሰለት መካከል ነው። ተራው ሰንሰለት በፒኑና በቱቦው መካከል መከላከያ የለውም፤ ቅባቱ ከውጭ ይገባል፤ አቧራውም እንዲሁ ከውጭ ይገባል። የታሸገው ሰንሰለት ግን፣ ኦሪንግ የሚባለው ማለት ነው፣ በየአንጓው ቀጫጭን የላስቲክ ቀለበቶች ስላሉት በፋብሪካ የተጨመረለት ግራሶ እዚያው እንደ ተዘጋ ይኖራል። በዋጋ ይወደዳል፣ ነገር ግን ዕድሜው ረዘም ያለ ነው። በጭቃና በአቧራ ውስጥ ለሚውል ሰው፣ ለሞተሩ የሚስማማ ከተገኘ፣ ልዩነቱ የሚያስከፍለውን ይመልሳል። የጎኑ ስፋት ግን ከተራው ስለሚበልጥ የሞተሩን ሽፋን ወይም የካምቢዮውን አካል እንዳይነካ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ስፕሮኬት ደግሞ በሞተረኞች ዘንድ የተለመደ አንድ ዘዴ አለ። አቀበት የበዛበት ሰው የፊቱን ስፕሮኬት በአንድ ጥርስ ያሳንሳል። ይህ ሒሳብ አለው። ፊቱ 15፣ ኋላው 45 ቢሆን የፊቱ ሦስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ፊቱን 14 ብናደርገው 3 የነበረው 3.21 ይሆናል፤ ማለትም የመጎተት ኃይሉ በመቶ ሰባት ያህል ይጨምራል። ተመሳሳይ ውጤት ከኋላ ለማግኘት ሦስት ጥርስ ጨምረን 48 ማድረግ ይኖርብናል። ስለዚህ የፊቱን መለወጥ ርካሽ ነው። ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም። ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ለመሄድ በመቶ ሰባት ያህል አብዝቶ ይሽከረከራል፤ ትንሹ ስፕሮኬት ደግሞ አንጓዎቹን በይበልጥ ስለሚያጥፋቸው የሰንሰለቱን ዕድሜ ይቀንሳል። በሜዳ መንገድ የሚውል ሰው ጎረቤቱ ስላደረገው ብቻ ማድረግ የለበትም።

ከሁሉ የበለጠው ስሕተት ግን ሰንሰለቱን ብቻ ለውጦ ያረጁትን ስፕሮኬቶች መተው ነው። ያረጀ ሰንሰለት ረዝሞ ሲሠራ የስፕሮኬቱን ጥርሶች በራሱ ልክ ይበላቸዋል። አዲሱ ሰንሰለት ግን ርቀቱ ትክክለኛ ስለ ሆነ ከተበላው ጥርስ ጋር አይስማማም፤ በየዙሩ እየተፋተገ ቶሎ ያረጃል። ገንዘብ ለማዳን ሲባል ግማሹን የለወጠ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ ሰንሰለት ይገዛል። ስለዚህ ሦስቱ፣ ማለትም ሰንሰለቱና ሁለቱ ስፕሮኬቶች፣ አብረው ተገዝተው አብረው መታሠር አለባቸው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የረዘመውን ሰንሰለት ሁለት አንጓ ቆርጦ ማሳጠር ነው። ርዝመቱ አጠረ እንጂ በእያንዳንዱ አንጓ ያለው ክፍተት አልጠፋም፤ በሽታው እንዳለ ሆኖ ልብሱ ብቻ ተለወጠ ማለት ነው።

ዕቃው የሚገዛው ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ከሠፈር ሱቅ፣ ገዢው ጊዜ ወስዶ ማየት ይገባዋል። የሠሪው ምልክትና ቁጥሩ በጎን ብረቶቹ ላይ ጎልቶ መታተሙን፣ በእሽጉ ላይ ያለው ጽሑፍ የፊደል ግድፈት የሌለው መሆኑን፣ ሰንሰለቱ በጎኑ ተይዞ ሲዘረጋ እንደ ገመድ የማይወድቅ መሆኑን፣ የስፕሮኬቱ ጥርሶች ቀጥ ያሉና የቡሎን ቀዳዳዎቹም ከአሮጌው ጋር የሚገጥሙ መሆናቸውን ይመርምር። አሮጌውን ስፕሮኬት ይዞ መሄድ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ሲታሠርም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ የሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች የሚገናኙት ቅንጥብ ባላት ማያያዣ ነው። ቅንጥቧ አንድ ጫፏ ዝግ፣ ሌላው ጫፏ ክፍት ነው። ዝግ ጫፏ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ያለዚያ ድንጋይ ወይም ሽፋን ሲነካት ከቦታዋ ልትወጣ ትችላለች። ቅንጥቧ ከወጣች የጎን ብረቱ ይከተላል፤ ሰንሰለቱም ይበጠሳል። የተበጠሰ ሰንሰለት ወይ በመንገድ ላይ ይወድቃል፣ ወይ በፊቱ ስፕሮኬት ዙሪያ ተጠቅልሎ የካምቢዮውን አካል ይሰብራል፣ ወይም ጎማውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ሦስተኛው ሰውን የሚጥል ነው። አሮጌ ቅንጥብ በሽቦ እየጠመዘዙ መጠቀምም ከዚሁ አደጋ የሚቆጠር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የውጥረቱ ነገር ነው። አንዳንዱ ሞተረኛ ሰንሰለቱ ሲላላ ድምፅ ስለሚያሰማ እንደ ክራር ክር ወጥሮ ያሥረዋል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ሰው ሲቀመጥበትና ዕቃ ሲጫንበት የኋላው ጎማ ወደ ላይ ስለሚገፋ በሁለቱ ስፕሮኬቶች መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል። አስቀድሞ የተወጠረ ሰንሰለት ያን ጊዜ የሚላላበት ቦታ ያጣል፤ ኩሽኔታውን ይበላል፣ የካምቢዮውን ዘንግ ያስጨንቃል፣ በመጨረሻም ራሱ ይበጠሳል። የላላውም ቢሆን በጉድጓድ መንገድ ላይ ከስፕሮኬቱ ሊዘል ይችላል። ትክክለኛው ልክ በሞተሩ መመሪያ ውስጥ ወይም የኋላውን ጎማ በሚሸከመው ሹካ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፎ ይገኛል። ለብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ነው፤ እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉት፣ ለሻካራ መንገድ የተሠሩት ከፍ ያሉ ሞተሮች ግን ከዚያ የበለጠ ይፈልጋሉ።

ልኩን ለማየት ሞተሩን በማቆሚያው ማቆም፣ ማርሹን ነጻ ማድረግና ጎማውን በእጅ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ሰንሰለቱ በሁሉም ቦታ እኩል አይበላምና በጣም የሚወጠርበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያም የታችኛውን መስመር መካከል በጣት ወደ ላይና ወደ ታች እየገፉ በማስመሪያ መለካት ነው። ማስተካከል ቢያስፈልግ የጎማው ዘንግ ዳዶ ይላላል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ማስተካከያ ቡሎኖች በእኩል መጠን ይዞራሉ፤ በሹካው ላይ ያሉት ምልክቶች ግራና ቀኝ እኩል መሆናቸው ይታያል። አንዱ ጎን ቢቀድም ጎማው ይጣመማል፤ ሰንሰለቱም የስፕሮኬቱን አንድ ጎን ብቻ ይበላል። ዳዶው ጠብቆ የመቆለፊያ ሽቦው ከገባ በኋላ ግን ሥራው አላለቀም። ጎማው ወደ ኋላ ስለ ተሳበ የኋላው ፍሬንም ልኩ ተለውጧልና፣ በዘንግ የሚሳብ ፍሬን ያለው ሞተር ፍሬኑ እንደ ገና መስተካከል አለበት። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ስለ ቅባት ስንናገር በየመንገዱ ዳር የሚታየውን ልማድ ማንሣት ግድ ይሆንብናል። በአየር ጤናና በሌላውም ሠፈር ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በቆርቆሮ ተቀምጦ በሰንሰለት ላይ ሲፈስ እናያለን። ነጻ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ዘይት ጥላሸትና የብረት ብናኝ የተሸከመ ነው፤ ቅባት እየመሰለ ሞረድ ይሆናል። ለሰንሰለት ተብሎ የተሠራ ቅባት ካልተገኘ አዲስ የካምቢዮ ዘይት፣ ቁጥሩ 90 የሆነው፣ በደንብ ይሠራል። ወፍራም ግራሶ ከውጭ መቀባትም አይመከርም፤ ወደ ፒኑ አይገባም፣ አሸዋውን ግን አጥብቆ ይይዛል።

አቀባቡም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ጭቃውና አሮጌው ቅባት በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ በጨርቅም ይደርቃል። በቤንዚን ማጠብ ግን አይገባም፤ የታሸገውን ሰንሰለት ላስቲክ ይጎዳል፤ እሳትም ያመጣል። ቀጥሎ ዘይቱ በታችኛው መስመር የውስጥ በኩል፣ ጎማው በእጅ እየዞረ፣ በየአንጓው መገናኛ ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ከውስጥ የገባ ዘይት ሰንሰለቱ ሲዞር ወደ ውጭ ስለሚገፋ በየመገጣጠሚያው ያልፋል። ከጉዞ መልስ ሰንሰለቱ ሞቅ ባለ ጊዜ ቢቀባና አዳሩን ቢያርፍ የተሻለ ነው። ጠዋት ትርፉ በጨርቅ ይጠረጋል። ይህ ሁሉ ለተራው ሰንሰለት በየ500 ኪሎሜትሩ ያህል፣ በክረምት ደግሞ ከእያንዳንዱ ብርቱ ዝናብና እጥበት በኋላ መደረግ አለበት። ለግብርና ሠራተኞች በገጠር መንገድ የሚያገለግለው ያማሃ ኤጂ የተባለው ሞተር ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ በሽፋን የተከደነ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የራሱን ሞተር ሽፋን «ድምፅ ያሰማል» ብሎ ፈትቶ የሚጥል ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ሞተሩን አስነሥቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማው በራሱ እየዞረ ሰንሰለቱን በጨርቅ የሚጠርግ ሰው አለ። ሥራው ይፈጥንለታል። ነገር ግን ጨርቁ በሰንሰለቱና በስፕሮኬቱ መካከል የገባ እንደ ሆነ ጣትን ይዞ ይገባል፤ እጅን ለመሳብ የሚበቃ ጊዜም አይኖርም። በዚህ ዓይነት ጣታቸውን ያጡ ሰዎች በየአገሩ አሉ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ የተቆረጠ ጣት ግን አይለቀምም። ስለዚህ ሰንሰለቱን ከመንካት በፊት ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉም ተነቅሎ ኪስ ይግባ። በተለይ ወጣት ረዳቶችን የሚያሠሩ የጋራዥ ባለቤቶች ይህን እንደ ሕግ አድርገው ሊያስተምሩ ይገባል።

የመለወጫው ጊዜ መድረሱ በግምት ሳይሆን በልክ ይታወቃል። ሰንሰለቱ ተወጥሮ ሃያ አንጓ ይቆጠርና ከመጀመሪያው ፒን መካከል እስከ ሃያ አንደኛው ፒን መካከል ይለካል። አዲስ 428 ሰንሰለት በዚህ ልክ 254 ሚሊሜትር ነው፤ 259 ከደረሰ በመቶ ሁለት ረዝሟልና ጊዜው አልቋል። ለ520 ልኩ ከ317.5 ተነሥቶ 324 ሲደርስ ነው። ማስመሪያ ያልያዘ ሰው ደግሞ በኋላው ስፕሮኬት የመጨረሻ ጫፍ ላይ ሰንሰለቱን በጣቱ ወደ ኋላ ይሳበው፤ ከጥርሱ ተነሥቶ ግማሽ ጥርስ የሚያሳይ ከሆነ አርጅቷል። የጥርሶቹ ጫፍ እንደ መንጠቆ ወደ አንድ ወገን ከታጠፈም ስፕሮኬቱ ይሰናበት። ሞተሩ ሲነሣ የሚርገፈገፍ ከሆነ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የሰንሰለቱ አይደለም፤ በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ያሉት መከላከያ ላስቲኮች አልቀው ሊሆን ይችላልና እነሱም ይታዩ።

በመጨረሻ አንድ የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ አለ። ሞተሩ የአንድ ሰው፣ የሚነዳው ደግሞ ሌላ ሰው በሚሆንበት ጊዜ ሰንሰለቱ ባለቤት የሌለው ዕቃ ይሆናል። ነጂው «ዕቃው የኔ አይደለም» ይላል፤ ባለ ሞተሩ «የሚነዳው እሱ ነው» ይላል። በሁለቱ መካከል ሰንሰለቱ ይደርቃል፤ ሲበጠስ ግን በመንገድ ላይ የሚወድቀው ነጂው ነው፤ የካምቢዮውን ስብራት የሚከፍለውም ባለ ሞተሩ ነው። ስለዚህ ውል ሲዋዋሉ የየቀኑን ገቢ ብቻ ሳይሆን ዘይቱን ማን እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚያጸዳ፣ ሙሉው ዕቃ በስንት ኪሎሜትር እንደሚለወጥ ጭምር ተነጋግረው ቢወስኑ ለሁለቱም ይበጃል።

ሞተሩን በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ የያዙት የኤሌክትሪክ ሞተር ቢስክሌቶች ሰንሰለት የላቸውም፤ የነዚህ ቁጥር ሲጨምር ይህ ምክር የማያስፈልጋቸው ሰዎችም ይበዙ ይሆናል። ቤንዚን ጠጥቶ በሰንሰለት የሚሄደው ግን ዛሬም የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። በቀን 80 ኪሎሜትር የሚሠራ ሰው በስድስት የሥራ ቀን 500 ኪሎሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ስለዚህ በየእሑዱ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ጨርቅ፣ አንድ ብሩሽና ጥቂት አዲስ ዘይት ይበቃዋል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፣ ሞተረኞቻችን ይህን ግማሽ ሰዓት ለሰንሰለታቸው እንዳይነፍጉት አደራ እንላለን።